ምሕረት አድራጊው ኮሚቴያችን

ጋሼ የቆየ ካላንደር አይጥሉም። ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ባለው ሳሎናቸው ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በስተቀኝ አንዲት ምስማር አለች። በየዓመቱ ከቤተ ክርስቲያን የሚገዙት ካላንደር እዚያች ምስማር ላይ አዲሱ በአሮጌው እየተደረበ ይሰቀላል። ላይኛው የ2018 ነው፤ ገለጥ ሲያደርጉት 2017፣ ከሥሩ 2016፣ እንዲህ እያለ ወደ ግድግዳው ይጠጋል። ምስማሯ እስካሁን እንዴት እንደቻለችው እንጃ።

ዛሬ ግን የማመሰግነው ጋሼን አይደለም። ምስጋናዬ ያለፈ ነገር ለማይከነክነውና ቂም ለማያውቀው ለአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል መራጭ ኮሚቴ፣ እንዲሁም ከኮሚቴው ጋር አብሮ ለሚረሳው ሕዝብ ይሁን።

ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። እዚህ አገር ፉትቦል የሚባለው ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚጋጩበት ጨዋታ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቹ ትልቁ ምድብ ውስጥ ከ130 በላይ ቡድኖች አሉ፤ እያንዳንዱ በመደበኛው ውድድር የሚጫወተው ግን 12 ጊዜ ብቻ ነው። ሁሉም ከሁሉም ጋር ስለማይገናኝ ነጥብ ደምሮ "ይሄ አንደኛ፣ ያ ሁለተኛ" ማለት አይቻልም። ስለዚህ 13 ሰዎች ግሬፕቫይን፣ ቴክሳስ ሆቴል ውስጥ ተሰብስበው ከኖቬምበር ጀምሮ በየሳምንቱ ደረጃ ያወጣሉ፤ መጨረሻ ላይ ለዋንጫ የሚፋለሙትን ይመርጣሉ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2014 ጀምሮ የሚመረጡት አራት ነበሩ፤ ከ2024 ወዲህ አሥራ ሁለት ሆነዋል።

እስቲ አሁን የእኛን የእግር ኳስ ሰዎች ጭካኔ ተመልከቱ። በኦገስት ያገኘኸው ሦስት ነጥብ በሜይ ካገኘኸው ሦስት ነጥብ ጋር እኩል ነው። እኩል! የመጀመሪያው ሳምንት ሽንፈትህን ሠንጠረዡ እስከ መጨረሻው ቀን ይዞብህ ይዞራል። ኮሌጅ ፉትቦል ግን የሠለጠነ ነው። እዚህ ድል እንደ እንጀራ ነው፤ የዛሬው ይበላል፣ የቆየው ይሻግታል። ሽንፈት ደግሞ እንደ ቁስል ነው፤ በጊዜ ከመጣ በጊዜ ይሽራል።

ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ ስታዲየሙ አካባቢ መኪና ማቆሚያ ላይ ይሠራሉ። ማታ ሶፋው ላይ የሚቀመጡት ብርቱካናማ ሰደርያቸውን ሳያወልቁ ነው። ሕጉን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። "ልጄ፣" አሉኝ የፈንዲሻውን ሳህን ወደ እኔ እየገፉ፣ "መሸነፍህ ካልቀረ በጊዜ ተሸነፍና ተገላገል። እዚህ አገር የሚታየው መጨረሻው ነው።" ለካ ሽማግሌዎቻችን "መጨረሻህን ያሳምረው" እያሉ ሲመርቁን የኖሩት ስለ ኮሌጅ ፉትቦል ኖሯል! ምሩጽ ይፍጠርስ በ1980 ሞስኮ ላይ 5,000ውንም 10,000ውንም የወሰደው መጨረሻ ላይ ማርሽ ቀይሮ አይደል? (እርግጥ ምሩጽ የመጀመሪያዎቹንም ዙሮች ሮጧል። አርፎ ቆይቶ የመጨረሻዋን ብቻ ሮጠ ሲባል አልሰማሁም።)

ማስረጃ የሚሻ 2014ን ይመልከት። የከተማችን ቡድን ኦሃዮ ስቴት ሴፕቴምበር 6 ቀን በገዛ ሜዳው በቨርጂኒያ ቴክ 35 ለ 21 ተሸነፈ። ያን ማታ ከተማው ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር ይላሉ ጋሼ። ዲሴምበር ሲገባ ግን ነገሩን የሚያነሳ ጠፋ። ኦሃዮ ስቴት ቢግ ቴን በሚባለው ሊጉ ፍጻሜ ዊስኮንሲንን 59 ለ 0 አሰናበተ። በዚያው ቀን ሦስተኛ ደረጃ ላይ የነበረው ቲሲዩ የሚባል ቡድን አይዋ ስቴትን 55 ለ 3 ደቆሰ። በማግስቱ ደረጃው ሲወጣ ኦሃዮ ስቴት ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ከፍ አለና ገባ፤ ቲሲዩ ከሦስተኛ ወደ ስድስተኛ ወረደና ቀረ። በ52 ነጥብ ልዩነት አሸንፎ ሦስት ደረጃ መውረድ! እንዲህ ያለ ሒሳብ ትምህርት ቤት አያስተምሩም፤ ተሰጥኦ ነው።

የቲሲዩ ጥፋት ምንድን ነው? ኦክቶበር 11 ቀን ከሜዳው ውጪ በቤይለር 61 ለ 58 ተሸንፏል። አንድ ሽንፈት፣ በሦስት ነጥብ። የኦሃዮ ስቴትም አንድ ሽንፈት ነው፤ ያውም በሜዳው፣ ያውም በ14 ነጥብ።

ግራ ገብቶኝ ስቀመጥ ጋሼ ተነሡ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ካላንደሮቹን አንድ በአንድ ይገልጡ ጀመር፤ ምስማሯ ተንቀጠቀጠች። ጠርዙ ከተጠቀለለው ከ2006ቱ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። "ሴፕቴምበር 6 ማለት ጳጉሜ 1 ነው።" ወዲያው ወደ ቀጣዩ ተሻገሩ። "ኦክቶበር 11 ደግሞ ጥቅምት 1 ቀን 2007። አየህ ልጄ፣ የእኛዎቹ ያጠፉት በአሮጌው ዓመት ነው። እንቁጣጣሽ አልፎበታል። ያኛው ግን በአዲሱ ዓመት ነው የተሸነፈ፤ እንዴት ይማራል?"

ያኔ ነው ነገሩ የበራልኝ። ኮሚቴው የሚሠራው በእኛ አቆጣጠር ነው! ኦሃዮ ስቴት ጳጉሜ 1 ተሸነፈ፣ ጳጉሜ 3 የሩፋኤል ዝናብ አጠበው፣ መስከረም 1 ነጽቶ ወጣ። ከዚያም አላባማን 42 ለ 35፣ ኦሪገንን 42 ለ 20 አሸንፎ ዋንጫውን አነሣ። ከዚያ ወዲህ "ኮሚቴው ልክ ነበር" የሚል ሁሉ የሚጠቅሰው ይህንኑ ነው። ቲሲዩ ቦውል ከሚባሉት የወቅት መዝጊያ ግጥሚያዎች በአንዱ፣ በፒች ቦውል፣ ኦሌ ሚስን 42 ለ 3 ሲያንበረክክ ለማየት ማን ጊዜ ነበረው?

በአጋጣሚ ነው የሚል ካለ 2023 ይጠብቀዋል። አላባማ ሴፕቴምበር 9 ቀን በሜዳው በቴክሳስ 34 ለ 24 ተሸነፈ። ጋሼ ገለጡ፦ ጳጉሜ 4 ቀን 2015። የሩፋኤል ዝናብ በአንድ ቀን አምልጦታል ብዬ ስሰጋ፣ "አትቸኩል፣ ያ ዓመት ጳጉሜ ስድስት ነበረች" አሉኝ። ለንስሐ አንድ ትርፍ ቀን ተገኝቷል ማለት ነው። አላባማ በመጨረሻው ሳምንት ጆርጂያን 27 ለ 24 አሸነፈና አራተኛ ሆኖ ገባ።

ቦታውን የለቀቀለት ፍሎሪዳ ስቴት ነው። 13 ተጫውቶ 13 ያሸነፈ ቡድን። ኤልኤስዩን 45 ለ 24 የረታው ገና ነሐሴ ሳይወጣ ነበር፤ ምሕረት ሲወርድ ለይቶ አይወርድምና ድሉም ከሌላው ሰው ኃጢአት ጋር አብሮ ታጠበ። ዋናው ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ጆርዳን ትራቪስ ኖቬምበር 18 እግሩን ክፉኛ ተጎዳ። ቡድኑ ያለ እሱም የሊጉን ፍጻሜ ከሉዊቪል ጋር ተጫውቶ 16 ለ 6 አሸነፈ፤ ግን አሸናነፉ አላማረም። አምስተኛ አሉት። እዚህ ላይ ኮሚቴው ራሱን በለጠ፤ ያለፈውን መርሳት አልበቃ ብሎት ገና ያልተጫወተውን ጨዋታ አስቦ ቀጣው። ብዙ ተጫዋቾች ጥለውት ከሄዱ በኋላ ፍሎሪዳ ስቴት በኦሬንጅ ቦውል በጆርጂያ 63 ለ 3 ሲቀጠቀጥ ደግሞ "ይኸው፣ አላልንም?" ተባለ። ቤቱን አፍርሶ "ይኸው፣ ያፈሳል" እንደማለት ነው።

የመጨረሻ ሰሞን ድል ክብደቱ ስንት ነው ለሚልም መልስ አለኝ። ትራቪስ በተጎዳባት በኖቬምበር 18 አላባማ ከበታች ምድብ የመጣውን ቻታኑጋን እያስተናገደ ነበር፤ 66 ለ 10። ፍሎሪዳ ስቴትም ያን ቀን የገጠመው ከዚያው ከበታች ምድብ የመጣ ቡድን ነው። በመስከረም ከባድ ሚዛን ገጥሞ መሸነፍና በኅዳር ሕፃን ልጅ ታግሎ መጣል፣ የትኛው ለዓይን ያምራል? ብልህ አሠልጣኝ መልሱን ያውቀዋል።

ጸጋው ኮሚቴው ከመፈጠሩ በፊትም ነበር። በ1993 ኖተርዴም ኖቬምበር 13 ቀን ፍሎሪዳ ስቴትን 31 ለ 24 አሸነፈ፤ በሳምንቱ በቦስተን ኮሌጅ 41 ለ 39 ተሸነፈ። ሁለቱም አንዳንድ ሽንፈት ይዘው ጨረሱ። ያኔ ሻምፒዮኑ በድምፅ ይመረጥ ነበርና ድምፅ ሰጪዎቹ ጋዜጠኞች ፍሎሪዳ ስቴትን አነገሡ። የሰባት ቀን ልዩነት ናት! "ሜዳ ላይ እኮ ያሸነፍናቸው እኛ ነን" ያለ የኖተርዴም ደጋፊ ሰሚ አላገኘም። ይህቺን ቃል ያዙልኝ።

አሁን ወደ 2025። እሑድ ኦገስት 31 ማታ ማያሚ ኖተርዴምን 27 ለ 24 አሸነፈ። ነሐሴ 25 ቀን 2017 መሆኑ ነው። ጋሼ ጨዋታውን በተኙበት ነው ያሳለፉት፤ "ገና ነሐሴ ነው፣ ምን ያስቸኩላል" ብለው። ማያሚ በኋላ ሁለት ጊዜ ተሸነፈ። ኖተርዴም መስከረም 3 በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በአንዲት ነጥብ፣ 41 ለ 40፣ ከተረታ ወዲህ አሥር ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ፤ ሲራኪዩዝንማ 70 ለ 7። ሁለቱም አሥር አሸንፈው፣ ሁለት ተሸንፈው ጨረሱ።

ኖቬምበር 4 የመጀመሪያው ደረጃ ሲወጣ ኖተርዴም 10ኛ፣ ማያሚ 18ኛ ነበር። ለአምስት ሳምንታት ተሸናፊው ከአሸናፊው በላይ ተቀመጠ፤ የነሐሴ ነገር በነሐሴ ቀርቷልና ጋሼም እኔም አልገረመንም። በመጨረሻው ሳምንት ሁለቱም አልተጫወቱም። መሐላቸው የነበረው ቢዋይዩ ግን በቴክሳስ ቴክ 34 ለ 7 ተሸንፎ ወረደ። መጋረጃው ሲነሣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተያዩ፤ ኮሚቴውም አያቸው። ለካ እነዚህ ልጆች ተጫውተው ያውቃሉ! ዲሴምበር 7 ማያሚ 10ኛ ሆኖ ገባ፤ ኖተርዴም 11ኛ ሆኖ ውጪ ቀረ። ወሬው ግሬፕቫይን እስኪደርስ 98 ቀን ፈጅቷል። በበቅሎ ቢላክ ይቀድም ነበር።

ኖተርዴም አኮረፈ፤ ሌላ ቦውልም አልጫወትም አለ። ሽማግሌ የላከም የለም። ደጋፊዎቹ "ማን ሜዳ ላይ አሸነፈ ሳይሆን አሁን ማን ይሻላል ነው መታየት ያለበት" እያሉ ጮኹ። የ1993ቷን ቃል ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነበር። የማያሚ ሰዎች ደግሞ ወቅቱን ሙሉ "ሜዳ ላይ የተደረገ አይረሳ" ሲሉ ከረሙ። ሁለቱን ቡድኖች ቦታ ብታለዋውጧቸው ጩኸቱም አብሮ ይለዋወጥ ነበር። እኔ በበኩሌ ከኮሚቴው ይልቅ ደጋፊውን አደንቃለሁ፤ ኮሚቴው ቢያንስ ለመርሳት ስብሰባ ይቀመጣል።

ጋሼ ግን ተናደዱ። "አቆጣጠሩን ቀየሩት" አሉ ቆመው። "እንቁጣጣሽ ያለፈበትን ነገር በኅዳር ይቆፍሩታል?" የ2017ቱን ካላንደር ገልጠው ነሐሴ 25ን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት።

የተቆፈረው ማያሚ በበኩሉ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን፣ ኦሃዮ ስቴትን (ጋሼ ይህን ምዕራፍ አያነሡትም) እና ኦሌ ሚስን ጥሎ ለፍጻሜ ደረሰ። ፍጻሜው ጃንዋሪ 19 ነበር፤ ጥምቀት። ኢንዲያና 27 ለ 21 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ 16 ተጫውቶ 16 ያሸነፈ ቡድን። ኢንዲያና ላይ ቅሬታ አለኝ። በኦገስትም አሸነፈ፣ በጃንዋሪም አሸነፈ፤ ለምሕረት ቀዳዳ ያልተወ፣ አሥራ ሦስት ሽማግሎችን ሥራ ያስፈታ ቡድን ነው።

ያን ማታ ጋሼ ነጭ በነጭ እንደለበሱ፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው አብረን አየን። አልቆ መብራቱን ላጠፋ ስነሣ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ይሄ ማያሚ ኖተርዴምን ያሸነፈው መቼ ነበር ያልከኝ?"

"ነሐሴ ላይ ነዋ ጋሼ።"

ካላንደሮቹን ቀና ብለው አዩና፣

"የትኛው ነሐሴ?" አሉ።