ማን ምን አደረጋት?

ልብ ወለድ ውስጥ አንዲት ሴት መንፈሷ ሲታወክ እኛ አንባቢዎች መጀመሪያ የምንፈልገው ጥፋተኛ ነው። ሰሞኑን አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ በአሜሪካዊቷ ደራሲ በሲልቪያ ፕላት ልብ ወለድ በ«ዘ ቤል ጃር» ላይ ስንከራከር የታዘብኩት ይህንኑ ነው። አንዱ «ፍቅረኛዋ ነው የጎዳት» አለ፤ ሌላዋ «አባቷ በልጅነቷ መሞቱ ነው» አለች፤ ሦስተኛው ማኪያቶውን እያማሰለ «ግን ምን ጎድሏት ነው?» ብሎ ዘጋው።

አይፈረድብንም፤ ያደግነው በሰብለ ወንጌል ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ያነበበው ሁሉ ለምን እንደመነኮሰች አይጠፋውም፤ በዛብህ ሞቶባታል። የ«ዘ ቤል ጃር» ባለታሪክ የኤስተር ግሪንውድ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አይያዝም። ገና 19 ዓመቷ ነው፤ ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ተወዳድራ አሸንፋ ኒው ዮርክ አንድ የሴቶች መጽሔት ዘንድ ለአንድ ወር ትሠራለች፤ ግብዣውም ስጦታውም ሞልቷል። ቦስተን አጠገብ ወዳለው የእናቷ ቤት ስትመለስ ያመለከተችበት የድርሰት ትምህርት አልተቀበላትም። ከዚያ ወዲያ የሚሆነው ሁሉ ትንንሽ ነገር ነው። እንቅልፍ እምቢ ይላታል። ፊደሉ ገጹ ላይ እየተንሸራተተ ማንበብ ያቅታታል። ሦስት ሳምንት ልብሷንም ጸጉሯንም ሳታጥብ ትቆያለች፤ ዛሬ ታጥቦ ነገ ደግሞ መታጠብ ካለበት ምን ዋጋ አለው ባይ ናት።

እኔን ያስደነገጠኝ እዚህ ቦታ ላይ ለቅሶ አለመኖሩ ነው። ሐሳቧ እንደ ሒሳብ የተስተካከለ ይመስላል፤ ለአፍታ እውነቷን ነው ሊያሰኝ ይችላል። እኛ ጋ ብትሆን ጸጉሯን በሻሽ ጠቅልላ ቢሮ ትገባለች፤ ቡና ሲፈላ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ወሬው የሚነሳው ጨርቋን ስትጥል ነው። ያኔማ ጎረቤቱ ሁሉ «ድሮም ዝም ትላለች ብያችሁ ነበር» ባይ ይሆናል።

የመጀመሪያው የአእምሮ ሐኪሟ በጭንቅላት ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ሕክምናውን በወጉ ሳይሰጣት ያሠቃያታል። በኋላ ዶክተር ኖላን የምትባል ሴት ሐኪም ስትይዛት ያው ሕክምና እፎይታ ይሆናታል፤ ኖላን ራሷ ይዛት ትሄዳለች፣ ስትነቃም አጠገቧ ትገኛለች። አማኑኤል ሆስፒታል ዘመድ ያስታመመ ሰው ይህን ክፍል ከእኔ በተሻለ ያነበዋል።

መጽሐፉ እንከን የለውም አልልም። ሆስፒታል ውስጥ ምግብ የሚያቀርበውን ጥቁር ሠራተኛ የሚያይበት ዓይን ያስተዛዝባል፤ ኤስተር ትራገጠዋለች፣ ደራሲዋም ቀልድ አድርጋ ታልፈዋለች። ደግሞም ፕላት መጽሐፉን በጥር 1963 እ.ኤ.አ. በብዕር ስም አሳትማ በወሩ ሕይወቷ ስላለፈ፣ ብዙ ሰው ልብ ወለዱን የሟች ማስታወሻ አድርጎ ያነበዋል። እንዲህ ያነበበ ሰው ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ያለውን ነገር ሳያስተውል ያልፋል፦ ኤስተር ታሪኩን የምታወራው ለሕፃን መጫወቻ ከምትሰጥበት ኑሮ ላይ ሆና ነው። ተርፋለች ማለት ነው።

ብዙዎቹ ደራሲዎቻችን ከዳተኛ ወንድ ሳያዘጋጁ ሴትን አያሳምሙም። እስቲ አንዱ ባሏ ያልከዳት፣ ልጅ ያልሞተባት፣ ደሞዟም ከወር ወር የሚያደርሳት የፒያሳ ሴት ይጻፍልን፤ አንባቢው ጥፋተኛ ፍለጋ ገጽ ሲገልጥ ይድከም።