ለክቡር የድጋፍ ደብዳቤ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሰሌዳ ለሌለው የጀልባ ሞተር ቤንዚን በጀሪካን እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣ ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እኔ አመልካቹ የጎንደር ከተማ ነዋሪ ስሆን፣ ጀልባዬ ጎርጎራ ጣና ዳር፣ የጀልባዬ ሞተር ደግሞ አዘዞ ባለው የወንድሜ ግቢ ውስጥ ይገኛል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ጎብኚ ሲጠፋ ሞተሩ ከጀልባዋ ወርዶ፣ በሸራ ተጠቅልሎ፣ ከጤፍ ጆንያ አጠገብ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ለምን ሳይነሳ እንደቀረ በዚህ አገር ለሚኖር ሰው መዘርዘር ወረቀት ማባከን ነው። ዘንድሮ ግን እንደምንም ላስነሳው ቆረጥሁ፤ ከእርስዎ ጋር የተዋወቅነውም በዚሁ ሳቢያ ነው።

ለዓመታት የቆመ ሞተር፣ ክቡርነትዎ፣ የሚፈልገውን ካገኘ ይነሳል፤ ነገ ና አይልም። ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው አሮጌ ቤንዚን ቀላል ቀላሉ ተንኖ፣ የተረፈው የሚያጣብቅ ቡናማ ዝቃጭ ሆኖ ነበር፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር የምትጠበውን የነዳጅ ቀዳዳም ደፍኗት ስለነበር መካኒኩ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ከፍቶ በአየር ነፋት። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ስለተጣበቀ ካንዴላው ተፈታ፣ በቀዳዳው ዘይትና ናፍጣ ተጨመረበትና አደረ፤ በማግስቱ በእጅ ሲሞከር እያቃሰተ ዞረ። የተሰነጣጠቀው የነዳጅ ቱቦ ተቀየረ። የማርሹ ዘይት ሲገለበጥ ነጣ ብሎ አለመውጣቱን፣ ማለትም ውሃ አለመግባቱን ባየ ጊዜ መካኒኩ የራሱ ንብረት የተረፈለት ያህል ተደሰተ።

ከዚያ የበርሜሉ ጉዳይ መጣ። የዚህ ዓይነቱ ሞተር የሚቀዘቅዘው በሚንሳፈፍበት ውሃ ነው፤ ውሃውን የምትስበው የጎማ መዘውር በደረቁ ከዞረች ወዲያውኑ ተቃጥላ ስለምትበላሽ፣ ከሐይቅ ርቆ የሚሞከረው እግሩ በርሜል ውስጥ ተነክሮ ነው። ጎንደር ላይ በርሜል ሙሉ ውሃ! የአንገረብ ግድብ በደለል ሲሞላ በኖረበት ከተማ፣ ሰው ተራ ጠብቆ የሚያገኘውን ውሃ ሞተር ላጠጣ ስል የወንድሜ ባለቤት ያየችኝን አስተያየት እዚህ አልጽፈውም። በከተማችን ጀልባ የሚያንሳፍፍ ውሃ ተከማችቶ የሚታየው በጥምቀት ሰሞን በፋሲለደስ መዋኛ ነው፤ እዚያ ሞተር ልሞክር ብል ደግሞ ታቦቱን የሚያጅበው ሕዝብ በጥሩ ሁኔታ ያጠምቀኝ ነበር። ያም ሆኖ በርሜሉ ማህተም ሳይጠይቅ ሞላ።

የቀረው አዲስ ቤንዚን ብቻ ነበር። 10 ሊትር ቤንዚን፣ ከዚያም 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ተቀላቅሎበት፣ ገመዱን መሳብ። ማደያዎች ቤንዚን በጀሪካን የሚሸጡት እርስዎ ሲገኙ ብቻ እንደሆነ ሲነገረኝም አልተከፋሁም፤ ቤንዚን ተቀድቶ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ አግባብ ነው ብዬ አምኜ፣ መታወቂያዬን አሳድሼ፣ እርስዎን ፍለጋ ወጣሁ።

አንዱ ጽሕፈት ቤት ጀልባዋ ባለችበት ይጻፍልዎት አለኝ። 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ፣ በቆላ ድባና በጯሂት አልፌ ጀልባዋ ያለችበት ስደርስ፣ ሞተሩ ባለበት ይጻፍልዎት ተባልሁ። ስመለስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስብሰባው ሲያልቅ ሥልጠና ላይ ነበሩ። በመጨረሻ የተገኙት እርስዎ ቀድሞ የተዘጋጀ ቅጽ ሆነው ተገኙ፤ ቤንዚን የሚጠጡ ነገሮች በዚህ ዓለም ላይ ሦስት ብቻ እንደሆኑም ከእርስዎ ተማርሁ፦ ጄኔሬተር፣ ወፍጮና የመስኖ ፓምፕ። ጸሐፊዋ ደግ ሰው ስለነበረች ጄኔሬተር የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዛ ከበላዩ ጀልባ ብላ ጻፈችልኝ። ለዚህ ደግነቷ ምን እንደተከፈለኝ አሁን እገልጻለሁ።

ባለፈው ሐሙስ እርስዎን በፕላስቲክ ሸፍኜ፣ ጀሪካኔን አጥቤ፣ ከባጃጆቹ ኋላ ተሰለፍሁ። ተራዬ ሲደርስ ቀጂዋ እርስዎን ተቀበለችና፣ ምናልባት ዓይኗን ስላላመነች፣ ጮክ ብላ አነበበችዎት። «ለጀልባ ነው የሚለው? ጋሼ፣ ጎንደር ላይ ጀልባ በምን ላይ ነው የሚሄደው?» አለችኝ። እኔ መልስ ሳልሰጥ ከኋላዬ የነበረ ባጃጅ ነጂ «በአስፋልቱ ጉድጓድ ነዋ፤ ክረምት ይግባ ብቻ!» ብሎ መለሰልኝ፤ ሰልፉም በአንድ ድምፅ ሳቀ። በቀልዱ እኔም ስቄያለሁ፤ ጉድጓዱን አውቀዋለሁ።

ቀጥሎ ሰሌዳ ተጠየቅሁ። የነዳጅ ሒሳብ በስልክ መከፈል ከጀመረ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ እርስዎም እንደሚያውቁት፣ ሰሌዳ ካልገባ ጨዋታው አይቀጥልም። ጀልባ ሰሌዳ እንደሌላት ባስረዳ «እንግዲያው ንብረቱ ይቅረብ» ተባለ። ስለዚህ አዘዞ ተመልሼ፣ 40 ኪሎ የሚጠጋውን ሞተር በባጃጅ የኋላ ወንበር አስተኝቼ፣ እግሩ በአንደኛው በኩል ወጥቶ በመንገዱ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ እያስገረመ ይዤው መጣሁ። ጥበቃው ከሩቅ አይቶ እጁን ዘረጋና «እዚያው ቁም! ምንድን ነው የጫንኸው?» አለ። በዚህ ዘመን ይህ ጥያቄ የቀልድ አይደለምና ሸራውን ቀስ ብዬ ገለጥሁ። ክንፉን አይቶ «ቬንትሌተር ነው እንዴ?» ሲል ነፍሴ ተመለሰች። ከዚያ ሞተሩን አውርደን፣ ከሰርግ ቤት ሰክሮ እንደወጣ አጎት በሁለት በኩል ደግፈን፣ በቀጂዋ ፊት አቆምነው። ስልካቸውን ያወጡ ሰዎች ነበሩ።

የማደያው ተቆጣጣሪ መጣ። ሞተሩን ዞሮ አየው። «ሞተር ነው» አለ። አዎ፣ ሞተር ነው አልሁት። «ታዲያ ሊብሬው?»

ከዚህ በኋላ ወደ እርስዎ ዞረ። ወደ ብርሃን አንስቶ አየዎትና ሁለት ነገር አገኘብዎት፦ አንደኛ፣ ማህተምዎ እንጂ ቲተርዎ የለም፤ ሁለተኛ፣ ጄኔሬተር የሚለው ተሰርዞ ጀልባ ስለተባለ ስርዝ ድልዝ ያለበት ደብዳቤ ተቀባይነት የለውም። እውነቱ የተጻፈው በስርዙ ላይ ብቻ እንደነበር ልብ ይበሉልኝ። በሕትመት የነበረው ሐሰት ሳይነካ ቢቀር ኖሮ በዚያው ቀን ቤንዚን ቀድቼ እገባ ነበር።

ሞተሩን ወደ ባጃጁ ስንመልሰው፣ ከማደያው አጥር ውጭ፣ ሃያ እርምጃ እንኳ በማይሞላ ርቀት፣ አንድ ጎረምሳ በሃይላንድ የተሞላ ቤንዚን ይዞ «አባባ፣ ስንት ሊትር ልስጥዎት?» አለኝ። ደብዳቤ አልጠየቀኝም። ሰሌዳ አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ እጥፍ ዋጋ ብቻ ነው። ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ቀልድ አልችልም። ያ ቤንዚን ከሰማይ አልዘነበም፤ ከመሬት በታች ከተቀበረ ታንከር፣ በቧንቧ፣ በሰው እጅ ተቀድቶ ነው የወጣው። እኔ በሰው ፊት ሲሳቅብኝ የዋልሁት ያ እጅ ሌላ በር እንዳለው እየታወቀ ነው። እርስዎ የሚያስቆሙት ሰርቆ የሚሸጠውን ሳይሆን ደረሰኝ የሚጠይቀውን ነው። ከጎረምሳው ያልገዛሁትም ስለምመጻደቅ አይደለም፤ ሃይላንዱ ውስጥ ላምባ ወይም ውሃ ቢቀላቀልበት በሽቦ የከፈትነው ካርቡራተር በአንድ ቀን ስለሚደፈን፣ ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ብቻ የሆነው ሞተርም ነክሶ ስለሚቆም ነው።

ያቺ ጀልባ ጎብኚ ብቻ አልነበረም የምታመላልሰው። ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ከውሃው ማዶ አምጥታለች፤ ዛሬ ያው መንገድ በታንኳ፣ በመቅዘፊያ፣ ነፋስ ከተነሳ ደግሞ እስኪበርድ ዳር ላይ ተቀምጦ በመጠበቅ ነው። ለእርስዎ ቲተር ሲፈለግ የሚያልፈው ጊዜ የማን ጊዜ እንደሆነ የሚጽፍ ቅጽ ቢኖር እሞላው ነበር።

እምቦጩን በተመለከተ፣ ክንፍ ላይ ሲጠመጠም ቢያስቸግርም በእጅ ይነቀላል።

ትናንት አዲስ ተጽፈው ተሰጡኝ። ቲተርዎ ጉልህ፣ ማህተምዎ ክብ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለብዎት ንጹሕ ሰው ሆነዋል፤ በውስጥዎም አመልካቹ «ለጄኔሬተር አገልግሎት» ቤንዚን እንዲሸጥላቸው ይላል። በመሆኑም ከትናንት ጀምሮ፣ ሐይቅ ላይ የሚሄድ ጄኔሬተር ያለኝ ብቸኛው የጎንደር ነዋሪ ሳልሆን አልቀርም። ይዤዎት ማደያ ብሄድ ቤንዚን አልቋል፤ ቦቴው መቼ እንደሚገባ አይታወቅም። እርስዎ ደግሞ ከተጻፉበት ቀን ጀምሮ የሚያገለግሉት ለአምስት የሥራ ቀናት ብቻ እንደሆነ ከግርጌዎ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል።

ስለዚህ ቦቴው እስኪገባ ድረስ ጊዜዎ እንዳያልፍብኝ፣ የሚያልፍ ከሆነም የበርሜሉ ውሃ ለልብስ ማጠቢያ እንዲለቀቅ የወንድሜ ባለቤት እየጠየቀች ስለሆነ አስቀድመው እንዲያሳውቁኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አመልካቹ፣ ባለ ጄኔሬተር