ድንኳኑ ይጽና፣ መንገዱ ይታገሥ

ጥንቱና ዘመናዩ አብረው የሚኖሩባትን ከተማ ለማየት የሚመጣ እንግዳ በየሙዚየሙ ባይንከራተት ይሻላል። በጥር፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ወደ ኮዬ ፈጬ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ ወይም ወደ ጀሞ ታክሲ ይያዝ። መድረሱን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ የለበትም፤ ታክሲው ራሱ ይቆማል። መንገዱ መሐል ድንኳን ተተክሏላ!

ይህን ጥበብ ለዚህ ላደረሱ ሁሉ ምስጋና ይገባል። አባቶቻችን ዳስ ይጥሉ የነበረው በግቢያቸው ወይም በሜዳ ላይ ነው፤ ምን ያድርጉ፣ አስፋልት አልነበራቸውም። ዛሬ በኮንዶሚኒየም መንደር በብሎኮቹ መካከል ክፍት ቦታ አለ፤ ለእርድም ለድግስም እንዲሆን የተሠራ ኮሚናል ቤትም አለ። ክፍት ቦታውን ግን መኪና ሞልቶታል፣ ኮሚናሉም ብዙ ጊዜ ተከራይቷል። መኪናህን አንሳ ማለት ጎረቤት ማስቀየም ነው። መንገድ ደግሞ አይቀየምም።

አተካከሉ ሥርዓት አለው። ከእድሩ ዕቃ ቤት የብረት ቋሚው፣ ሸራው፣ አግዳሚ ወንበሩና ድስቱ ይወጣል። ካስማ አስፋልት ላይ እሺ ብሎ አይገባም፤ ለዚህም ድጅኖ አለ። ኮብልስቶን ከሆነማ ሥራው ቀላል ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ጥርብ ድንጋይ ሲሚንቶ አያውቅም፤ አሸዋ ላይ ተደርድሮ፣ ክፍተቱ በአሸዋ ተጠቅጥቆ፣ እንደ እድርተኛ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ነው የሚቆመው። አንዱ ሲነቀል በዙሪያው ያሉት ይላላሉ። ከድግሱ በኋላ በእርግጥ ተመልሶ ይቀመጣል፤ አሸዋው ሳይሞላ፣ ሳይጠቀጠቅ፣ ለጉልቻ ከተወሰደው የተረፈው። ሰኔ ሲገባ ጎርፍ በክፍተቱ ሰርጎ የሥሩን አሸዋ ያጥበዋል፣ ጎማ ሲያርፍበት ይሰምጣል፣ ለመስከረም ጉድጓዱ ይደርሳል። ያን ጊዜ በአንድ ድምፅ መንግሥትን እንራገማለን። በየቋሚው ሥር ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሁለት ሁለት ሞልቶ ማሰርም ይቻል ነበር፤ ግን ጄሪካን ሲነሳ ምንም ምልክት አይተውም፣ ደጋሹን በምን እናስታውሰው? (ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጄሪካን ለድንኳን ማዋል ነውር ነው የሚል ካለም አልተሳሳተም።)

በሐዘን ድንኳን ማሾፍ አይገባም። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፤ ክረምት ላይም ይመጣል። ለእሱ አንድ ነገር ብቻ፦ የሸራው መሐል ከዳሩ ከፍ ይበል። ሸራው ረግቦ 1 ካሬ ሜትር ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ቢቋጥር 50 ኪሎ ማለት ነው፤ አንዱ በመጥረጊያ እንጨት ሲገፋው ደግሞ ሁሉም ለቀስተኛው ላይ ይወርዳል።

የሚደነቀው ሰርጉ ነው። ቀኑ ከወራት በፊት ይቆረጣል፣ ካርዱ ይታተማል፣ የድሮን ቀረጻው ይከፈላል። መንገዱ መዘጋቱ ግን ለሹፌር የሚነገረው በዕለቱ ነው፤ በሁለት ድንጋይና በአንድ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ። ታክሲው እዚያው ላይ «መጨረሻ!» ይላል፤ ተሳፋሪው ድንኳኑን በእግሩ ዞሮ በወዲያኛው በኩል ሌላ ታክሲ ይይዛል፣ ሁለተኛ ይከፍላል። ሙሽሮቹን ጨርሶ የማያውቅ ሰው ለሰርጋቸው የሚያዋጣበት ሌላ አገር ካለ ይነገረን። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር ስላለ ስጦታውንም እዚያው ቆሞ መላክ ይችላል። ወደ 939 ተደውሎ የመጣ የእሳት አደጋ መኪናም ቢሆን ቆሞ እልልታውን ያዳምጣል።

እሳቱ ደግሞ ሩቅ አይደለም። መብራቱ የሚመጣው ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት በአንዲት ቀጭን ኤክስቴንሽን ነው፤ ሞንታርቦው፣ ፓውዛው፣ ማቀዝቀዣው፣ በዚያ ላይ የእንጀራው ምጣድ። ገመዱ ሳይዘረጋ እንደተጠቀለለ ስለሚሠራ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል። ብሬከሩ በወደቀ ቁጥር ግን መልሶ የሚያነሳ ጎበዝ ተመድቧል።

«እስከ መቼ ነው የሚዘጋው?» ብሎ የሚጠይቅ ሹፌር «ግባና ቅመስ እንጂ!» ይባላል። ቢገባ ይሻለዋል። ቅዳሜ ሰርጉ፣ እሑድ መልሱ፣ ማክሰኞ ቅልቅሉ ነው፤ የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ የያዙት ሰውዬ ደግሞ ከሐሙስ በፊት አይገኙም።