መቅዘፍ የክንድ ጉዳይ ብቻ አይደለም
አቦ ወንድሜ፣ «ጀልባ ለመቅዘፍ ወፍራም ክንድ ይበቃል፣ መቅዘፊያውንም ጥልቅ አድርጎ መክተት ነው» ያልከው ልክ አይደለም። እኛ ድሬዎች ወንዛችን ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ ቀዘፋ አንለምድም፣ አልፈርድብህም። ግን የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ተመልሶ ውሃ ስለያዘ በትክክል ብናውቀው ደስ ይለኛል።

ዋናው ጉልበት የእግርና የጀርባ ነው። ፊትህን ወደ ጀልባው ኋላ አዙረህ ትቀመጣለህ፣ እግርህን ጥሩ አድርገህ ታስደግፋለህ፣ ከዚያ ክንድህን ሳታጥፍ ሰውነትህን ወደ ኋላ እየጣልክ ትስባለህ፤ ክንድ የሚታጠፈው መጨረሻ ላይ ነው። በክንድ ብቻ ከሳብክ ቶሎ ትደክማለህ።

የመቅዘፊያው ሰፊ ጫፍ በውሃ ከተሸፈነ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከጠለቀ ይከብድሃል፣ ለማውጣትም ያስቸግራል። ሁለቱንም መቅዘፊያዎች እኩል ሳብ፣ አለዚያ ጀልባው ይዞርብሃል።