ላም አለኝ በሰማይ

እሁድ የአክስቴ ልጅ ቤት ቡና ተጠራሁ። የዘጠኝ ወር ልጇ የሰርግ አልበም ላይ ተዘርግቶ አፍንጫዬን ይቧጭራል። ፎቶው ላይ ያለውን ማለቴ ነው። ቆንጥጦ ሊነቅለው ይታገላል። እናቱማ ፈነደቀች።

«አየኸው? ስልክ መስሎት እኮ ነው! የዘንድሮ ልጅ!»

ሁለተኛውን ስኒ ተቀብዬ ዝም ልል ነበር። አልሆነልኝም። ጁዲ ዴሎች የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ በፈረንጆቹ 1998 ባወጡት ጥናት ለዘጠኝ ወር ሕፃናት የዕቃ ፎቶ አሳይተው ነበር። ያኔ ስልክ በገመድ ታስሮ ሳሎን ጥግ ነው የሚቀመጠው። ሕፃናቱ ግን ፎቶውን ዳበሱት፣ ቧጨሩት፣ ሊያነሱት ሞከሩ። ፎቶ ብርቅ በሆነበት በኮትዲቯር የቤንግ መንደር ያሉትም ያንኑ አደረጉ። የአሜሪካኖቹ ልጆች 19 ወር ሲሞላቸው መቧጨሩን ትተው በጣት ወደ መጠቆም ዞሩ።

በ19 ወር! እኔ በ41 ዓመቴ አልገባኝም ነበር። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት ስወደው! አያቴ ስትተርተው እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ከዚያ ሄጄ በሚያብረቀርቅ ብሮሹር ላይ ለተሳለ አፓርታማ ቅድሚያ ክፍያ ከፈልኩ። መዋኛ ገንዳ ነበረው። ሥዕሉ ላይ። ስድስት ዓመት ሆነው። አሁን መሬቱ ላይ ያለው ጉድጓድ ነው፤ ክረምት ላይ ውሃ ይሞላል። ገንዳውን አስረክበውናል ማለት ነው። ስደውል «በሂደት ላይ ነው ጌታዬ» ይሉኛል። የምን ሂደት?

በፈረንጆቹ 1972 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ አለ፤ እዚሁ እኛ አገር፣ ደቡብ ምዕራብ ያሉትን የሜኒት ሰዎች የሚመለከት። ከሕፃናት መጽሐፍ የተገነጠለ ገጽ ሲሰጣቸው አሸተቱት፣ እያጣጠፉ ድምፁን አዳመጡ፣ ቀመሱት። ሥዕሉን ዞር ብለው አላዩትም። «ሥዕል አይገባቸውም» ሊባል ምንም አልቀረው። እንግዳ የሆነባቸው ግን ወረቀቱ ነበር። እንስሳ በጨርቅ ላይ ተስሎ ሲቀርብላቸው፣ ትንሽ ቢቸገሩም፣ አብዛኞቹ ለዩት። ያን ብሮሹር እኔም ባሸተው ኖሮ!

ይህን ሁሉ ሳወራ ቡናው በረካ ደርሷል። ማሙሽ አፍንጫዬን ትቶ የሰርጉን ኬክ መላስ ጀምሯል።

«ማሙሽዬ፣» አለችው እናቱ፣ «ስክሪኑን በምራቅ አታበላሽ!»