እያሳለ የመጣ ይመስገን

ሐዋሳ ውስጥ ጤነኛ መሥሪያ ቤት ማየት የፈለገ ሰው እኛ ጋ ይምጣ። ስሙን አልናገርም፤ ሥራ ፈላጊ ይበዛብናል። ምልክቱን ግን ልንገራችሁ። በ2012 ኮሮና ሲገባ ለእጅ መታጠቢያ ብለን በር ላይ ያቆምናት ባለ ቧንቧ ባልዲ እስከ ዛሬ እዚያው ናት። ውሃ የላትም። ጥበቃው ዣንጥላውን ያስቀምጥባታል። ያኔ አንድ ሰው ካስነጠሰ በዙሪያው ሦስት ወንበር ባዶ ይሆን ነበር። አሁን ሠልጥነናል። የሚጠረጠረው ያስነጠሰው ሳይሆን፣ አስነጥሶ ቤቱ የቀረው ነው።

እኛ ዘንድ ትልቁ ሙገሳ "ታሞ እንኳ አይቀርም" የሚለው ነው። በቅርቡ አንድ ሰኞ የሒሳብ ክፍሉ ባልደረባችን ምች መትቶት መጣ። ከንፈሩ ቆስሏል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ኪሱ ውስጥ ዳማከሴ ይዟል፤ አንድ ደረሰኝ ይጽፍና ቅጠሉን አሸት አሸት አድርጎ ያሸታል። የደመወዝ ሳምንት ነበር። አለቃችን በመስታወቱ አሻግረው አዩትና ለሁላችንም እንዲሰማ፣ "ይኼ ነው ሠራተኛ ማለት!" አሉ። እሱም በደስታ አሳለ። ሐሙስ ላይ ግማሹ ክፍል ያስል ነበር። ዓርብ አለቃም አሳላቸው፤ እሳቸው ግን ቤታቸው ተኙ። ደመወዙ የሦስት ሰው ስህተት ይዞ ወጣ። ከሦስቱ አንዱ እኔ ነኝ። ቅር አላለኝም። ለጀግና የሚከፈል መዋጮ ነው።

ሕጉ ግን ጀግንነት አይገባውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ክፈቱ። የታመመ ሠራተኛ የሐኪም ማስረጃ ካመጣ የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት በግማሽ፣ ሌሎቹን ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ማረፍ ይችላል ይላል። አዋጁን የጻፈው ሰው የእኛን አለቃ ፊት አላየም። የዓመት ዕረፍትም ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ይባስ ብሎ ሠራተኛው ወዶና ፈቅዶ "ይቅርብኝ" ብሎ ቢዋዋል እንኳ ውሉ ዋጋ የለውም። ጭካኔ አይደለም?

እትዬ የምንላቸው አንዲት ባልደረባ አሉን። ከወሊድ በቀር ፈቃድ የወጡት አንድ ጊዜ ነው፤ ለሠርጋቸው። ልጃቸው ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። አምና በዓመቱ መዝጊያ ስብሰባ በፍሬም የተሠራ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። "ለማይናወጥ ትጋት" ይላል። ሊቀበሉ ሲነሡ ወገባቸው ያዛቸው። ሁለት ሰው በብብታቸው ገብቶ ወደ መድረኩ አወጣቸው። አጨበጨብን። ፎቶ ያነሣው ልጅ ጎበዝ ነው፤ የደጋፊዎቹን እጅ ቆርጦ አስወጣው። ግድግዳው ላይ ሲታዩ ብቻቸውን የቆሙ ይመስላሉ።

ይኼ የድሮው ባህል ነው እንዳትሉ። አዲሱም ገብቶልናል። "ዌልነስ" ይባላል። ጤና የሚለው ቃል አልተመቸም መሰለኝ። ጤና ያልክ እንደሆነ ሰው የሕክምና ወጪ ይጠይቅሃል። ዌልነስ የሚጠይቀው ቲሸርት ብቻ ነው።

ሚያዝያ 20 ዓለም አቀፍ የሥራ ላይ ደኅንነትና ጤንነት ቀን ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ፍቅር ሐይቅ ተሰበሰብን። ቲሸርቱ አረንጓዴ ነው፤ ጀርባው ላይ "ጤናችን በእጃችን" ተጽፏል። ሁሉም አንድ ቁጥር ነው። እኔን ጉልበቴ ጋ ደረሰ፤ የሾፌራችንን እምብርት ግን መሸፈን አቃተው። አለቃ ዘግየት ብለው መጡ። ኤሲው እንዳይጠፋ መኪናውን እንዳስነሡ አቆሙት። ለካሜራው ሁለት ጊዜ እጃቸውን ወደ ላይ ሰቀሉ። ከዚያ ስለ ስትሬስ ንግግር አደረጉ። "ሥራ ይዛችሁ ቤት አትግቡ! ከቤተሰባችሁ ጋር ተጫወቱ!" ይሉናል። መሀል ላይ ስልኬ ነዘረኝ። ከራሳቸው የመጣ የቴሌግራም መልእክት ነው፤ መንገድ ላይ ሳሉ ልከውት ኔትወርክ አዘግይቶታል። "ሪፖርቱ ዛሬ ማታ ይድረሰኝ" ይላል።

ከስፖርቱ በኋላ ወደ ዓሣ ገበያው፣ አሞራ ገደል ወረድን። "ስፖርት ሠርተናል" ተብሎ ሰው ሁለት ሁለት ጥብስ ቆሮሶ አነሣ። ሾርባውን፣ ዳጣውን፣ ለስላሳውን አልቆጠርኩም። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከኋላችን ተሰልፈዋል። መላጣቸውን ደፍተው፣ ክንፋቸውን እንደ ካፖርት ሰብስበው፣ አበል እንደሚጠብቅ የቦርድ አባል ዝም ብለው ቆመዋል። አጥንት ሲወረወር ብቻ ይነቃነቃሉ። በዚያ ቀን ጤናው የተሻሻለ ፍጡር ካለ እነሱ ናቸው።

የእርምጃ ውድድርም አለን። ሐዋሳ ሜዳ ናት፤ ድሮ ሰው በብስክሌት ውር ውር የሚልባት ከተማ ነበረች። ዛሬ ከቢሯችን ማዶ ያለው ባንክ ለመሄድም ባጃጅ እንጠራለን። ስለዚህ ስልክ እርምጃችንን እንዲቆጥር፣ ብዙ የተራመደም እንዲሸለም ተወሰነ። አንደኛ የወጡት አለቃ ናቸው። በቀን 17 ሺህ እርምጃ! ከወንበራቸው ሳይነሡ! ሚስጥሩን የምናውቀው ጥቂቶች ነን። ተላላኪያችን ደብዳቤ ሲያደርስ የሳቸውን ስልክ በኪሱ ይዞ ነበር። ሽልማቱ የስፖርት ጫማ ነው። አስረካቢ ጠፍቶ ከመጋዘን ያመጣላቸው ያው ተላላኪው ነው። የዚያች መንገድ እርምጃም ተቆጥራለች።

ባለፈው ደግሞ ሥልጠና ተሰጠን። አሠልጣኙ የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2013 ያወጡትን ጥናት አሳየን። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመመታት ዕድሉ በ35 በመቶ ይጨምራል። ደነገጥን። ሥልጠናው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ በጣቴ ብደምረው የዚያ ሳምንት ሰዓቴ 55 የሞላው ስላይዱ ላይ ስናፈጥ ነው።

እኔም አልቀረሁም፤ የዌልነስ ኮሚቴ አባል ሆኛለሁ። የምንሰበሰበው ከሥራ በኋላ፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው። የመጀመሪያው አጀንዳችን እትዬ ያስገቡት ማመልከቻ ነበር። ወንበራቸው መደገፊያው ተሰብሯል፤ ከኋላቸው የተጠቀለለ ጋቢ አድርገው ነው የሚቀመጡት። ሌላ ወንበር ይሰጠኝ ይላሉ። ሁለት ሰዓት ተወያየን። ወንበር ቋሚ ንብረት ስለሆነ ጨረታ ይፈልጋል። ግንዛቤ ማስጨበጫ ግን በጀት አለው። በሙሉ ድምፅ ወሰንን።

አሁን ከእትዬ ጠረጴዛ በላይ ባለ ቀለም ፖስተር ተሰቅሏል። አንዲት ፈገግተኛ ሴት ጥሩ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። "በትክክል ይቀመጡ" ይላል። ሚስማሩ አንድ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ወደ ግራ አዘንብሏል። እትዬም ከሥሩ እንደዚያው።