ዛሬ የገባ ቲማቲም

ደሴ ውስጥ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ባሉት አትክልት ቤቶች ትናንት የገባ ቲማቲም ገጥሞት የሚያውቅ ሰው ካለ ብርቅ ነው። ማክሰኞ የሄደም ሐሙስ የሄደም የሚያገኘው ዛሬ የገባውን ነው፤ ዝናቡ መንገድ ዘግቶ አንድ አይሱዙ እንኳ ከተማ ሳይዘልቅ በዋለበት ቀን ሳይቀር፣ ቲማቲሙ በራሱ እግር መጥቶም ቢሆን ዛሬ ገብቷል። ገዢው ፊቱ ላይ ጥርጣሬ ካሳየ «ወላሂ ጋሼ፣ አሁን ነው የወረደ!» የሚል መሐላ ይከተላል። ይህ መሐላ በወሎ ምድር የሙስሊሙም የክርስቲያኑም የጋራ ሀብት ስለሆነ፣ የነጋዴውን የአንገት ማተብ እያሳዩ መሐላውን ለማጣጣል መሞከር አያዋጣም።

እውነቱን ለመናገር ነጋዴው አልዋሸም፤ ቀኑን መቁጠር የጀመረው ከራሱ ደጃፍ ነው እንጂ። በቆቦና በጊራና ሸለቆ በመስኖ የለማው ቲማቲም ገና ቀላ ማለት ሲጀምር ይለቀማል፤ ጨርሶ በስሎ ቢለቀም ኖሮ ደሴ ሳይደርስ ሳጥኑ ውስጥ ስልስ በሆነ ነበር። ከዚያ በኋላ ገበሬውና ደላላው በዋጋ እስኪስማሙ ማሳው ዳር ይጠብቃል፣ መኪናው እስኪሞላ ይጠብቃል፣ ከጅምላ ነጋዴው ዘንድ ወርዶም ቸርቻሪ እስኪወስደው ይጠብቃል። በደረሰበት ሁሉ «ዛሬ ገባ» ይባልለታል፤ ሁሉም እውነታቸውን ነው። መቅላቱን የጨረሰውም እዚሁ መንገድ ላይ ነው፤ ቲማቲም፣ ሙዝ፣ ማንጎና ፓፓያ ከግንዳቸው ከተለዩ በኋላም ይተነፍሳሉ፣ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ እያመነጩም ራሳቸውንና ጎረቤቶቻቸውን ያበስላሉ። የአርባ ምንጩ ሙዝማ ጥሬውን ተቆርጦ፣ ዝግ ክፍል ውስጥ ታፍኖ ቢጫ የሚሆን፣ ከአዲስ አበባ ወዲህ ብቻ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሐረጎን ጠመዝማዛ የሚወጣ መንገደኛ ነው። ይህን ሁሉ አልፎ የመጣን ፍጥረት «ትኩስ ነህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ነውር ይመስለኛል።

በዚህ ነገር ከኮምቦልቻ ወንድሞቻችን ጋር የቆየ ክርክር አለን። እነሱ «በሐርቡ በኩል የሚመጣው አትክልት ቀድሞ የሚደርሰው እኛ ዘንድ ነው» ይላሉ፤ እኛ ደግሞ በ2,500 ሜትር ከፍታ ግድም ላይ ተቀምጠን ብርዱን እንደ መንግሥት ፍሪጅ በነፃ እንጠቀምበታለን። ሙቀት የአትክልትን እስትንፋስ ስለሚያፈጥን ቲማቲሙ እነሱ ዘንድ ቀድሞ ደርሶ ቀድሞ ያረጃል፣ እኛ ዘንድ ዘግይቶ ደርሶ ዕድሜ ያገኛል። ክርክሩ እስካሁን አልተቋጨም።

የጠዋቱን ሥነ ሥርዓት ያላየ ግን የትኩስነትን ምንጭ አያውቅም። ሱቁ ሲከፈት አንድ ልጅ ክዳኑ በሚስማር የተበሳ ሃይላንድ ይዞ ይመጣና ትናንት ማታ አንገቱን ደፍቶ ያደረውን ቆስጣና ሰላጣ ያጠምቃል። ቅጠል የሚጠወልገው ውሃው ስለሚተንበት ስለሆነ ጠበሉ በእርግጥ ይሠራል፤ ትንሽ ቆይቶ ሰላጣው ቀና ይላል፣ ጠል የመሰለ ጠብታም ያንጠባጥባል። ከዚያ ልጁ ትናንት የቀረውን ከፊት፣ አዲስ የመጣውን ከኋላ ይደረድራል። ይህን የሚያውቅ ደንበኛ እጁን እስከ ክንዱ ከክምሩ ሥር ሰድዶ ከኋላ ይጎትታል፤ ልጁም ደንበኛው እንደሚያውቅ ስለሚያውቅ አንዳንድ ጊዜ አሮጌውን ከኋላ ያደርገዋል።

የእኛ የገዢዎችም ነገር ቢነሳ መልካም ነው። አንዷ እመቤት ቲማቲሙን በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች፣ «ለስልሷል» ብላ ትመልሰዋለች፤ ቀጥላ የመጣችው ያንኑ ትጫናለች፣ የእሷ ደግሞ የበለጠ ለስልሶ ታገኘዋለች። እንዲህ በአውራ ጣት የተመረመረ ቲማቲም እስከ እኩለ ቀን ድረስ በሽተኛ መሆኑ ይረጋገጣል። ጠንካራውን መርጣ የገዛችውም ሦስት ኪሎውን ፍሪጅ ውስጥ ከትታ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሽበት አብቅሎ ስታገኘው የምትረግመው ነጋዴውን ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የድንቹ ጉዳይ ነው። ሰኞ ገበያ ላይ ከኩታበር በኩል የመጣች እናት ትናንት የተቆፈረ ድንች ከነአፈሩ ዘርግታ ስትቀመጥ፣ የከተማዋ ገዢ አፍንጫዋን ነፍታ «ምነው እናቴ፣ አፈሩን እንኳ ብታራግፉት!» ትላለች።

«ወይ እታለም፣ ድንች ከሰማይ አይወርድ!»

ገዢዋ በአፈሩ ሰበብ ከዋጋው ልታስቀንስ ሞክራ ሳይሆንላት ሲቀር፣ መስታወት ወዳለው ሱቅ ሄዳ የታጠበና አምፖል ሥር የሰነበተ ድንች ሳትከራከር ትገዛለች። ጎኑ አረንጓዴ ሆኖ ብታይ «ገና እሸት ነው» ትላለች። ብርሃን ያየ ድንች አረንጓዴ ሲሆን ሶላኒን የሚባል መርዛማ ነገር አብሮ እንደሚጨምርበት የሚነግራት የለም፤ ድንቹም ዝም ነው።

አፕልማ የሹመት ነገር ነው። ከውጭ አገር የመጣው አፕል ከነተለጣፊ ወረቀቱ ላዩ ሲያብረቀርቅ ማንም በአውራ ጣቱ ሊደፍረው አይሞክርም፣ «መቼ ገባ?» ብሎም አይጠይቀውም። በዓለም ገበያ የሚዞር አፕል ግን ኦክስጅን በተቀነሰበት፣ ወደ ዜሮ ዲግሪ በተጠጋ ብርድ ውስጥ ብዙ ወራት፣ አንዳንዱም ዓመት ሊደፍን ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ሊቀመጥ ይችላል። እኛም በኪሎ የሚጠየቀውን ዋጋ ከፍለን፣ ለዘመድ ጥየቃ ሆስፒታል ይዘነው እንሄዳለን፤ ከበሽታው ቀድሞ የተለቀመውን ፍሬ በሽተኛው ራስጌ አስቀምጠን «ትኩስ ፍራፍሬ ብላ፣ ደም ይሆንሃል» እንለዋለን።

ሲመሽ ደግሞ የቀኑ ውድቅ ሁሉ፣ ለስልሶ የተመለሰው ማንጎ፣ ነጠብጣብ ያወጣው ፓፓያ፣ ማንም ያልፈለገው አቮካዶ፣ በሳጥን ተሰብስቦ በቅናሽ ወደ ጁስ ቤት ይሄዳል። ጠዋት ያንን ማንጎ ጨብጦ «ይኼ አልፎበታል» ያለው ሰውዬ ከሥራ ሲወጣ ጓደኛውን ይዞ እዚያው ይገባና ስፕሪስ ያዛል። ብርጭቆው ሲመጣለት አንዴ ጎንጨት አድርጎ ወደ አስተናጋጇ ዞር ይላል፤ «እናንተ ጋ እኮ ማንጎው ሁልጊዜ ትኩስ ነው፣ ከየት ነው የምታመጡት?»